አንድ የሚመስሉ ሁለት ሕመሞች፦ አዴኖማዮሲስ እና ኢንዶሜትሪዮሲስ በምን ይለያያሉ?

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ ብሎክ ያስቡ። ሊፍት የለውም፤ ነዋሪው ሁሉ በአንድ ደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል። አራተኛ ፎቅ ላይ ባንክ ቤት የምትሠራ የ26 ዓመት ወጣት ትኖራለች። በማለዳ ተነሥታ፣ ታክሲ ተሰልፋ፣ ሥራዋ በሰዓቱ የምትገኝ ጎበዝ ልጅ ናት። የወር አበባዋ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ግን ወገቧን ይዛ ትተኛለች። መጸዳጃ ቤት መግባት ሳይቀር ያማታል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ የሦስት ልጆች እናት የሆኑ የ42 ዓመት ሴት አሉ። ሁለቱን ልጆች የወለዱት በኦፕራሲዮን ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የወር አበባቸው እንደ ጎርፍ ሆኗል። ሆዳቸው ይነፋል፤ የገበያ ዘንቢላቸውን ይዘው ደረጃውን ሲወጡ ሁለት ጊዜ ቆመው ያርፋሉ።

ሁለቱ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ላይ ይገናኛሉ። ወጣቷ ሕመሟን ስታወራ ጎረቤቷ ይሰሙና፣ «እኔም እኮ እንዳንቺው ነኝ፤ ያንቺው በሽታ ነው» ይሏታል። ከዚያ ምክር ይከተላል። «ማስታገሻውን ከእኔ ውሰጂ»፣ «ስትወልጂ ይለቅሻል»፣ ሲብስም «ማህፀንን ማስወጣት ነው እንጂ ሌላ መፍትሔ የለውም»።

እነዚህን ሁለት ጎረቤታሞች ነገሩን ለማስረዳት ያህል እኛ የፈጠርናቸው ናቸው። ንግግሩ ግን ለማንም አዲስ አይደለም፤ ምናልባት በእርስዎም ቤት ተደርጎ ያውቃል። ችግሩ የሁለቱ ሴቶች በሽታ አንድ ላይሆን መቻሉ ነው። የእናትየዋ አዴኖማዮሲስ፣ የወጣቷ ደግሞ ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባለው ሊሆን ይችላል። ስማቸው ይቀራረባል፤ ሕመማቸውም ይመሳሰላል። ሆኖም ለአንዷ የሚሆነው የመጨረሻ መፍትሔ ለሌላዋ ላይሆን ይችላልና ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል።

ልስኑና ብሎኬቱ

ማህፀን ከውስጥ በኩል ስስ ሽፋን አለው። ይህ ሽፋን በየወሩ በሆርሞን ትእዛዝ ይወፍራል፤ ፅንስ ካልተቀመጠበት ይላላጥና የወር አበባ ሆኖ ይወጣል። ከሽፋኑ ኋላ ወፍራም ጡንቻ አለ። በምጥ ጊዜ ሕፃኑን የሚገፋው፣ በወር አበባ ጊዜም ደሙን ለማስወጣት የሚኮማተረው ይኸው ጡንቻ ነው። የኮንዶሚኒየም ነዋሪ በቀላሉ እንዲገባው በቤት ብንመስለው፣ ሽፋኑ የግድግዳው ልስን ነው፤ ጡንቻው ደግሞ ብሎኬቱ።

አዴኖማዮሲስ ማለት ልስኑ ወደ ብሎኬቱ ሰርጎ ሲገባ ነው። የማህፀኑ ሽፋን ህዋሳት ጡንቻው ውስጥ ገብተው ይቀመጣሉ። እዚያም ሆነው እንደ ልማዳቸው በየወሩ ይወፍራሉ፣ ይደማሉ። ጡንቻው በዚህ የተነሣ ያብጣል፤ ማህፀኑም ይገዝፋል፣ ድቡልቡል ይሆናል። በሽታው ግን ከማህፀኑ አይወጣም።

ኢንዶሜትሪዮሲስ ማለት ደግሞ ልስኑን የሚመስል ነገር ከቤቱ ውጭ ሲበቅል ነው። የማህፀንን ሽፋን የሚመስሉ ህዋሳት የሴቷ እንቁላል በሚመረትበት እጢ ማለትም በኦቫሪ ላይ፣ በማህፀን ቱቦዎች፣ በሽንት ፊኛ፣ በትልቁ አንጀት፣ የሆድ ዕቃን በሚሸፍነው ስስ ገበር ላይ ይበቅላሉ። እነዚህም በየወሩ የሆርሞኑን ጥሪ ይሰማሉ። የሚያስከትሉት ደምና ቁጣ ግን መውጫ በር የለውም። አካባቢው ይቆስላል፤ ጠባሳ ይሠራል፤ አንዱ የሰውነት ክፍል ከሌላው ጋር ይጣበቃል። ኦቫሪ ላይ ሲሆን አሮጌ ደም የሞላበት ከረጢት ሊፈጥር ይችላል። ሐኪሞች ከቀለሙ የተነሣ «ቸኮሌት ሲስት» የሚሉት ይህንን ነው።

ሁለቱን ማምታታት የእኛ ብቻ ጥፋት አይደለም። ሳይንሱም ለረጅም ጊዜ አንድ አድርጎ አይቷቸዋል። በቪየና የሠራው ካርል ሮኪታንስኪ በ1860 እ.ኤ.አ. ጽፎባቸው ነበር። ካናዳ የተወለደው ቶማስ ከለን በ1908 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ሲያሳትምም በአንድ የጋራ ስም ይጠሩ ነበር። የየራሳቸውን ስም ይዘው የተለያዩት በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚለውን ስም ያስለመደው ጆን ሳምፕሰን የተባለ ሐኪም የወር አበባ ደም በከፊል በቱቦዎቹ በኩል ወደ ሆድ ዕቃ ይመለሳል የሚለውን ማብራሪያ አቀረበ። ይህ ማብራሪያ ዛሬም ይጠቀሳል፤ ይሁንና ደም ወደኋላ የሚመለስባቸው ሴቶች ብዙ ሆነው ሳለ የሚታመሙት ጥቂቶቹ ለምን እንደሆኑ ብቻውን አያስረዳም።

ማንን ይይዛል? እንዴት ይታወቃል?

አዴኖማዮሲስ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከ35 እስከ 50 ዓመት ባሉ ሴቶች ላይ ነው። የወለዱ፣ በኦፕራሲዮን የወለዱ ወይም ማህፀናቸው የተጠረገ ሴቶች ላይ ይበዛል። የአልትራሳውንድና የኤም አር አይ ምርመራ እየተሻሻለ ሲመጣ ግን በወጣቶችም ላይ መኖሩ እየታየ ነው። ዋና ምልክቱ የደሙ ብዛት ነው። ሞዴስ በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚሞላ ከሆነ፣ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያክል ወይም ከዚያ የሚበልጥ የረጋ ደም ከወጣ፣ የወር አበባው ከሰባት ቀን ካለፈ ልብ ይበሉ። ከደሙ ጋር ከእምብርት በታች የሚጫን፣ የሚከብድ ስሜትና ጠንካራ ቁርጠት ይኖራል። ደሙ በየወሩ ሲፈስ የደም ማነስ ይከተላል፤ ድካም፣ ራስ ማዞር፣ ደረጃ ሲወጡ የልብ መምታት ይመጣል። ሁለተኛ ፎቅ ለመድረስ ሁለት ጊዜ የሚያርፉት እናት «ዕድሜ ነው» ብለው የተዉት ነገር የደም ማነስ ሊሆን ይችላል።

ኢንዶሜትሪዮሲስ ቀደም ብሎ፣ አንዳንዴ ከመጀመሪያዎቹ የወር አበባ ዓመታት ጀምሮ ይታያል። እናቷ ወይም እህቷ ያለባት ሴት የመያዝ ዕድሏ ከፍ ይላል። እዚህ ላይ ከደሙ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ሕመሙ ነው። ሕመሙ የወር አበባው ከመምጣቱ ቀናት በፊት ሊጀምር ይችላል። በግንኙነት ጊዜ በጥልቀት ይሰማል፤ በወር አበባ ሰሞን ሰገራ ወይም ሽንት ሲወጣ ያማል። ሆድ ይነፋል፣ ድካም ይበዛል፤ ሲቆይም ሕመሙ ቀን መምረጡን ትቶ ወሩን ሙሉ ይከርማል። አንዳንዷ ሴት ምንም ሳያማት ትኖርና ልጅ ለመውለድ ሞክራ እምቢ ሲላት በምርመራ ይገኝባታል። የሕመሙ ብርታት የበሽታውን ስፋት አይናገርም። ትንሽ ነጠብጣብ ብዙ ሊያሳምም፣ ሰፊው ደግሞ ዝም ሊል ይችላል።

ኢንዶሜትሪዮሲስ አልፎ አልፎ ከሆድ ዕቃም ይርቃል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. ያረፈችው ታዋቂዋ ኬንያዊት የመገናኛ ብዙኃን ሰው ንጃምቢ ኮይካይ በሽታው ደረቷ ውስጥ ገብቶ ሳንባዋን ይጎዳባት ነበር። ለሕክምና እስከ አሜሪካ ሄዳ፣ ተመልሳም በአደባባይ እየተናገረች ብዙ የአገሯን ልጃገረዶች አንቅታለች።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ሁለቱ በሽታዎች በአንዲት ሴት ላይ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ማዮማ የሚባለው የማህፀን እጢም በላዩ ሊጨመር ይችላል። ስለዚህ ከላይ ያነበቡት ለሐኪምዎ የሚነግሩትን እንዲያውቁ ነው፤ ለራስዎ የበሽታ ስም እንዲያወጡ አይደለም። አይጨነቁ፤ ሁለቱም ካንሰር አይደሉም።

ለምን ይዘገያል?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ኢንዶሜትሪዮሲስ በዓለም ላይ 190 ሚሊዮን ያህል፣ ማለትም በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉት ሴቶች 10 በመቶ የሚሆኑትን ይይዛል። ይህን ያህል የተለመደ ሆኖ ሳለ ከመጀመሪያው ሕመም እስከ ትክክለኛው ስም ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 12 ዓመት ይፈጃል። ይህም ሐኪምና መሣሪያ በሞላባቸው አገሮች ሳይቀር ነው።

በእኛ ቤት መዘግየቱ የሚጀምረው ከወጥ ቤት ነው። ልጅቷ ሆዷን ይዛ ስትቀመጥ፣ «ቀዝቃዛ ወለል ላይ ተቀምጠሽ ነው»፣ «ብርድ መቶሽ ነው»፣ «እኛም እንዲሁ አልፈን ነው» ትባላለች። ዝንጅብልና ጤና አዳም ይፈላላታል። እነዚህ የፍቅር ቃላት ናቸው፤ ሙቀቱም ቁርጠትን ያስታግሳል። ነገር ግን በየወሩ ከትምህርት ቤት የሚያስቀር ሕመም የሴትነት ግዴታ አይደለም። ልጅዎ የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር ከትምህርት የምትቀር ከሆነ ወይም ማስታገሻ ወስዳም ካልተሻላት ሐኪም ሊያያት ይገባል።

ከዚያ የክሊኒኩ ዙር ይቀጥላል። ሆዷን ስላመማት የሰገራ ምርመራ፣ ሽንቷን ስላቃጠላት የኢንፌክሽን መድኃኒት፣ አንዴ ጨጓራ፣ አንዴ ታይፎይድ። ሕመሙ በወር አበባው ማብቂያ በራሱ ስለሚቀንስ መድኃኒቱ የሠራ ይመስላል፤ በሚቀጥለው ወር ግን ይመለሳል። ይህን ሰንሰለት የሚሰብረው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ሕመሙ ከወር አበባ ጋር ይሄዳል ወይ?»

ምርመራው ምን ይመስላል?

ቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ ወይም ክሊኒክ መጀመር ይቻላል። ከዚያ ወደ ማህፀንና ጽንስ ሐኪም ሪፈር ያስጽፉ። ሐኪሙ ታሪክዎን ይሰማል፣ ይመረምራል፣ የደምዎን መጠን ያያል፣ አልትራሳውንድ ያዝዛል። ብዙ የሚያሳየው በብልት በኩል የሚደረገው አልትራሳውንድ ነው። ለአዴኖማዮሲስ የማህፀኑን መግዘፍና የግድግዳውን አለመስተካከል ያያል፤ ለኢንዶሜትሪዮሲስም ቸኮሌት ሲስትን ያሳያል። ግንኙነት ያልጀመረች ልጅ ግን ይህን መቀበል የለባትም። በሆድ ላይ በሚደረግ አልትራሳውንድ ወይም በኤም አር አይ መታየት ትችላለች፤ ከእናቷ ጋር ሆና አስቀድማ ለሐኪሙ ትንገረው።

«አልትራሳውንዱ ነፃ ነው አለ» ማለት ሁልጊዜ በሽታ የለም ማለት አይደለም። ገበሩ ላይ የተበተነ ትናንሽ ኢንዶሜትሪዮሲስ በአልትራሳውንድ አይታይም። ድሮ ማረጋገጫው በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ ሆድ ዕቃን ማየት፣ ማለትም ላፓሮስኮፒ ብቻ ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ግን ምልክቱ ግልጽ ከሆነ ቀዶ ሕክምና ሳይጠበቅ መድኃኒት መጀመር እንደሚቻል ይደግፋል። ይህ ላፓሮስኮፒ በየቦታው በማይገኝበት አገር ለምንኖር ሴቶች መልካም ዜና ነው። ሲኤ 125 የሚባለው የደም ምርመራም በሁለቱም በሽታዎች ሊጨምር ስለሚችል ብቻውን አንዱን ከሌላው አይለይም። ቁጥሩ ከፍ ቢል ካንሰር ነው ብለው አይደንግጡ፤ ለሐኪሙ ያሳዩት።

ሕክምናው፦ የት ላይ አንድ ነው፣ የት ላይ ይለያል?

የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ለሁለቱም ይመሳሰላሉ። እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ሕመሙ ሳይበረታ፣ ደሙ ሲጀምር ወይም ከዚያ አንድ ቀን ቀድሞ ሲወሰዱ የበለጠ ይሠራሉ። ምግብ በልቶ መውሰድ ይገባል። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይውሰዳቸው። የጎረቤት ክኒን መበደር የማይመከረውም ለዚህ ነው። ደሙ ለሚበዛባት ሴት የደም መፍሰስን የሚቀንስ መድኃኒትና የብረት እንክብል ይታዘዛል።

ቀጥሎ የሚመጣው ሆርሞን ነው። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል፣ ዴፖ የሚባለው መርፌ፣ በክንድ የሚቀበረው፣ ወይም ሆርሞን ያለው ሉፕ በሽታውን የሚመግበውን የወር ዑደት ጸጥ ያደርጋሉ። ሆርሞን ያለው ሉፕ በተለይ ለአዴኖማዮሲስ ጥሩ ነው። ያለ ሆርሞን ከመዳብ የተሠራው የተለመደው ሉፕ ግን ደምንና ቁርጠትን ሊያባብስ ይችላልና «ሉፕ» ሲባሉ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይደናገጣል። ያላገባች ልጅ ቦርሳ ውስጥ የወሊድ መቆጣጠሪያ ሲገኝ ቤት ይታመሳል። በዚህ ጉዳይ ክኒኑ መድኃኒት ነው፤ የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን እንደሚወስደው ያለ። መካን ያደርጋል የሚባለውም ትክክል አይደለም። ዴፖ ሲቆም ማርገዝ ለጥቂት ወራት ሊዘገይ ይችላል፤ የሌሎቹ ግን ቶሎ ይመለሳል።

ልዩነቱ የሚመጣው ቀዶ ሕክምና ላይ ነው። አዴኖማዮሲስ ያለው ማህፀን ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ መውለድ የጨረሰችና በመድኃኒት ያልተሻላት ሴት ማህፀኗ ቢወጣ በሽታው አብሮ ይወጣል። ይህ ግን የመጨረሻው አማራጭ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ኢንዶሜትሪዮሲስ ግን ከማህፀን ውጭ ያለ በሽታ ነው። ማህፀን ብቻ ቢወጣ ኦቫሪ፣ ፊኛና አንጀት ላይ ያለው በቦታው ሊቀር ይችላል። የሚፈለገው ማህፀኑን ማውጣት ሳይሆን የበቀለውን ነገር ከየቦታው ማንሣት ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ በላፓሮስኮፒ ይደረጋል። ከተነሣ በኋላም ሊመለስ ስለሚችል ክትትል ያስፈልገዋል። እንግዲህ የጎረቤት ምክር አደገኛ የሚሆነው እዚህ ነው። «ማስወጣት ነው» የሚለው ቃል ለ42 ዓመቷ እናት የመጨረሻ መፍትሔ ሊሆን ይችላል። ለ26 ዓመቷ ወጣት ግን ልጅ የመውለድ ተስፋዋን ወስዶ ሕመሟን ሊተውላት ይችላል።

«ስትወልጂ ይለቅሻል»?

እርግዝና የወር አበባን ስለሚያቆም ለጊዜው እፎይታ ይሰጣል። መድኃኒት ግን አይደለም፤ ከወሊድ በኋላ ሕመሙ ሊመለስ ይችላል። ለኢንዶሜትሪዮሲስ ታማሚ ደግሞ ምክሩ እጥፍ ያማል፤ ምክንያቱም በሽታው ራሱ ማርገዝን ሊያስቸግር ይችላል። አዴኖማዮሲስም ፅንስ እንዳይቀመጥ ሊያደርግ፣ የማስወረድ አደጋንም ሊጨምር ይችላል።

ይህ ማለት መውለድ አይቻልም ማለት አይደለም። ኢንዶሜትሪዮሲስ ያለባቸው ብዙ ሴቶች ያለ ምንም እርዳታ ይወልዳሉ። አንድ ዓመት ሞክረው ያልተሳካላቸው ባልና ሚስት፣ ሴቷ ከ35 ዓመት በላይ ከሆነች ደግሞ ስድስት ወር ሞክረው፣ ሁለቱም አብረው ቢመረመሩ ይመከራል። በአገራችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሥር በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከማህፀን ውጭ ጽንስ የማዋሃድ አገልግሎትን ወደ መንግሥት ተቋም አምጥቷል።

ሐኪም ቤት ሲሄዱ ይዘው የሚሄዱት

ሐኪሙ የሚያገኝዎት ለጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ለሁለት ወይም ለሦስት ወር በደብተር ወይም በስልክዎ ይመዝግቡ።

• የወር አበባው የጀመረበትና ያበቃበት ቀን፤ በቀን ስንት ሞዴስ እንደተቀየረ
• ሕመሙ የጀመረው ከደሙ በፊት ነው ወይስ ከደሙ ጋር? ከ0 እስከ 10 ስንት ይሰጡታል?
• ሰገራ፣ ሽንት ወይም ግንኙነት ላይ ሕመም ነበር?
• የወሰዱት መድኃኒት ስምና ያመጣው ለውጥ
• ከሥራ ወይም ከትምህርት የቀሩባቸው ቀኖች
• ከዚህ በፊት የተነሡት አልትራሳውንድና የምርመራ ወረቀት ሁሉ

ሲጨርሱ እነዚህን ይጠይቁ፦ «ችግሩ ማህፀኑ ውስጥ ነው፣ ከማህፀኑ ውጭ ነው ወይስ ሁለቱም?» «ልጅ መውለድ እፈልጋለሁ፤ ሕክምናው ይህን ይነካል?» «ቀዶ ሕክምና ከሆነ የሚወጣው ምንድን ነው? የሚቀረውስ?»

ባል ይህን እያነበበ ከሆነ አንድ ቃል አለን። በግንኙነት ጊዜ ያለው ሕመም የፍቅር መቀዝቀዝ አይደለም፤ የበሽታው ምልክት ነው። አብረው ይሂዱ፤ ሐኪሙ ፊት ስትናገር ከጎኗ ይቀመጡ።

ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚሄዱበት ጊዜም አለ። ሞዴስ በየሰዓቱ እየሞላ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ራስ ከሳቱ፣ ድንገተኛ ብርቱ የሆድ ሕመም ወይም ትኩሳት ከመጣ፣ እርግዝና ሊኖር በሚችልበት ጊዜ ሕመምና ደም ከታየ ነገን አይጠብቁ። የወር አበባ ከቆመ ከዓመት በላይ ሆኖት ደም ከታየም ሐኪም ዘንድ ቶሎ ይሂዱ።

ወደ ጎረቤታሞቹ እንመለስ። ቡናው ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ሲሸጋገር እናትየዋ ምክራቸውን ቢቀይሩትስ? «የኔ ልጅ፣ የእኔና ያንቺ አንድ ላይሆን ይችላል። እኔ ደሜን አስለካለሁ፣ አልትራሳውንድም እነሣለሁ። አንቺም የሕመምሽን ቀን ጻፊና አብረን እንሂድ» ቢሏት። ደረጃውን አብረው ይወርዳሉ፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ወረቀት ይዘው፣ ለየራሳቸው ሐኪም ሊያሳዩ።